ማሽን ከመላካችሁ በፊት ውሃውን ከምንጩ ዓይን እስከ ጣሳው ተከተሉት

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «በሰሜን ሸዋ ደጋ ከምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ የወጣን፣ አሁን ሜሪላንድ የምንኖር ሰዎች ነን። የመንደራችን ምንጭ ከስድስት ዓመት በፊት ጎልብቶ፣ ሪዘርቫየር፣ ማለትም የውሃ ማጠራቀሚያ፣ እና አራት ቦኖ ተሠርቶለታል። ወደ 190 አባወራ ይጠቀምበታል። ውሃው ለዓይን ኩልል ያለ ነው፤ ሆኖም ክረምት በገባ ቁጥር ሕፃናት በተቅማጥ ይታመማሉ። 18 ሺህ ዶላር አዋጥተናል። ግማሾቻችን ትልቅ ማጣሪያ ማሽን እንላክ፣ ግማሾቻችን ጥልቅ ጉድጓድ እናስቆፍር እንላለን። እናቴ ደግሞ በስልክ ‹አምና ክሎሪን ጨመሩበትና ሰዉ አልጠጣም ብሎ ወንዝ ወረደ› አለችኝ። ምን ይመክሩናል?»

ጤና ይስጥልኝ። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ማሽኑንም አትላኩ፣ ጉድጓዱንም አታስቆፍሩ፤ ቢያንስ ዘንድሮ። ውሃው የት ላይ እንደሚበላሽ እስካሁን ያየ ሰው የለም። ይህ ሳይታወቅ የሚወጣ ብር፣ ሕመሙ ሳይመረመር እንደሚዋጥ ኪኒን ነው። ያዋጣችሁት ገንዘብ ግን ቀላል አይደለም፤ በአግባቡ ከተያዘ ለዚህ ምንጭ ለብዙ ዓመት ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ የምለው ራሴ ስለተሳሳትኩ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ሕፃናት በተቅማጥ ወደሚታመሙበት አንድ ቀበሌ ተልኬ ነበር። ከቦኖው ውሃ ቀዳሁ፣ መረመርኩ፣ ምንም ባክቴሪያ አላገኘሁበትም። «ውሃው ለመጠጥ ተስማሚ ነው» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ ተመለስኩ። በቀጣዩ ክረምት ሕመሙ እንደገና ሲነሳ ሁለተኛ ሄድኩ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ከቧንቧው ሥር ተደፍቶ የሚጠጣ ማን አለ? እኛ የምንጠጣው ከቤት ነው» ብለው እጄን ይዘው ወደ ቤታቸው አስገቡኝ። ከእንስራቸው የወሰድኩት ናሙና በማግስቱ ሲታይ፣ የመመርመሪያው ሳህን በባክቴሪያ ነጠብጣብ ከመሸፈኑ የተነሳ መቁጠር አልቻልኩም። ውሃው ቦኖው ላይ ንጹሕ ነበር፤ የተበላሸው በመንገድና በቤት ነው። የሴትዮዋን ልጆች ለአንድ ዓመት ያስታመመው የእኔ ፊርማ እንደሆነ አድርጌ ነው የማስበው። ከዚያ ወዲህ ከቦኖ ብቻ ናሙና ወስጄ «ደህና ነው» ብዬ አላውቅም።

ይህ የአንድ መንደር ነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ላይ የውሃ ምርመራ ተጨምሮ ነበር፤ መርማሪዎቹ ከመቅጃው ቦታም፣ ቤት ውስጥ ከሚጠጣውም ውሃ ወስደው አይተዋል። ከመቅጃው ይልቅ ቤት ውስጥ ያለው ውሃ ብክለት በዝቶበት ተገኝቷል።

አሁን ወደ እናንተ ምንጭ። እርስዎ ሳያውቁት ትልቅ ፍንጭ ሰጥተውኛል፦ ሕመሙ የሚመጣው ክረምት ሲገባ ነው። ሰበቡ የቤት አያያዝ ብቻ ቢሆን በጋውንም ባልተለየ ነበር። ከዝናብ ጋር የሚመጣ ተቅማጥ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው የገጽ ውሃ፣ ማለትም ጎርፍና የእርሻ ላይ ውሃ፣ ወደ ምንጩ ወይም ወደ መስመሩ እየገባ መሆኑን ነው።

ምንጭ ሲጎለብት የሚሠራውን በአጭሩ ልግለጽ፤ ምን እንደሚበላሽ ለመረዳት ይጠቅማል። ውሃው ከመሬት የሚወጣበት ዓይን እስኪገኝ ተቆፍሮ፣ በዙሪያው የታጠበ ጠጠር ይሞላል፤ ከላይ በጭቃና በሲሚንቶ ይደፈናል፤ ውሃው በቧንቧ ወደ መሰብሰቢያ ሳጥን ይሄዳል። ከዓይኑ ራስጌ ቢያንስ ስምንት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፤ ሰውና ከብት እንዳይገባ አጥር ይታጠራል። እነዚህ ሁለቱ፣ ቦዩና አጥሩ፣ ከሁሉም ርካሾቹ ናቸው፤ ቀድመው የሚጠፉትም እነሱ ናቸው። ቦዩ በሁለት ክረምት ደለል ይሞላል፤ አጥሩን ከብት ይጥሰዋል፣ እንጨቱን ሰው ለማገዶ ይወስደዋል። በስድስተኛው ዓመት ላይ የድፋኑ ሲሚንቶ ተሰንጥቆ፣ ማሳው እስከ ዓይኑ ተጠግቶ ታርሶ ብታገኙት አይግረማችሁ።

ይህን ለማወቅ የሚረዳ፣ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ምርመራ አለ። በሐምሌ ኃይለኛ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት የምንጩ ውሃ ይደፈርሳል ወይ? መጠኑስ ድንገት ይጨምራል ወይ? ዝናቡ በአፈርና በድንጋይ ውስጥ በቀስታ ተጣርቶ የሚመጣ ምንጭ በአንድ ቀን ዝናብ ጠባዩን አይለውጥም። ከደፈረሰና በድንገት ከሞላ ግን ጎርፉ አቋራጭ መንገድ አግኝቷል ማለት ነው። ይህን ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት በየማለዳው የሚቀዱት ሴቶች ናቸው። «ኩልል ያለ ነው» የሚለው መግለጫ የጥር ወይስ የሐምሌ መሆኑን ጠይቁልኝ።

ከዓይኑ ቀጥሎ መስመሩን ተከተሉ። ሌሊት ሪዘርቫየሩ እንዲሞላ ወደ ቦኖዎቹ የሚወርደው ቫልቭ ይዘጋ እንደሆነ ጠይቁ፤ በብዙ መንደር ይዘጋል። ቫልቩ ሲዘጋ ቧንቧው ባዶ ይቀራል፤ በማረሻ ወይም በዶማ የተነካ ቀዳዳ ካለ ጭቃ ውሃ በዚያ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ጠዋት መጀመሪያ የሚቀዳው ጀሪካን ያንን ይዞ ይወጣል። ሪዘርቫየሩስ መቼ ታጠበ? ክዳኑ ይገጥማል? የትርፍ ውሃ መውጫው ወንፊት አለው? ባልተከደነ ሪዘርቫየር ውስጥ የሞተ ወፍና አይጥ አግኝቼ አውቃለሁ።

ቦኖው ጋ ስትደርሱ ጀሪካኖቹን ተመልከቱ። ውስጡ አረንጓዴ ያዘለ፣ አፉ በቅጠል ወይም በጨርቅ የተወተፈ ከሆነ እዚያው አንድ መልስ አገኛችሁ። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ጥቂት ጠጠርና ውሃ ከትቶ በኃይል መናጥ፣ ማለቅለቅ፣ ክዳን መግዛት። ቤት ውስጥ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ውሃው በምን ይወጣል የሚለው ነው። እጅ ያለበት ጣሳ ወደ አፈ ሰፊ ዕቃ ከተጠለቀ፣ ምንጩ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ከጀሪካን አዘንብሎ መቅዳት፣ ወይም ከሥሩ ቧንቧ ያለው ባልዲ መጠቀም ይህን ያስቀራል።

ምርመራውን እንዲህ አድርጉት። ከአምስት ቦታ ናሙና ይወሰድ፦ ከምንጩ ዓይን፣ ከሪዘርቫየሩ፣ ከቦኖው፣ ቤት ከደረሰ ጀሪካን፣ ከሚጠጣበት ዕቃ። አንድ ጊዜ በሚያዝያ፣ አንድ ጊዜ በሐምሌ ከዝናብ ማግስት። በብዙ ቦታ የዞን ወይም የክልል ውሃ ተቋማት ተንቀሳቃሽ የመመርመሪያ ሳጥን አላቸው፤ በደብዳቤ ይጠየቃሉ። ናሙናው በቀዝቃዛ ሳጥን ተይዞ ቢቻል በስድስት ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት፤ ከዚያ ያለፈ ውጤት አታምኑ። የምትፈልጉት ቁጥር በ100 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ ያለውን የኢ. ኮላይ ብዛት ነው። ይህ ባክቴሪያ ከሰውና ከእንስሳት ሰገራ ነው የሚመጣው፤ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ለመጠጥ ውሃ ዜሮ መሆን አለበት። ከ100 በላይ ከሆነ አደጋው ከፍተኛ ነው። አምስቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ገንዘባችሁ የት መዋል እንዳለበት በራሳቸው ይነግሯችኋል።

እስካሁን የጻፍኩት የባለሙያ ሥራ ነው። ቀጥሎ የምጽፈው ግን አብዛኛው ፕሮጀክት የሚሰናከልበት ቦታ ስለሆነ እባክዎ በዝግታ ያንብቡልኝ።

ከምንጩ ራስጌ ያለው መሬት የማን ነው?

አጥርና ቦይ ሲባል በወረቀት ላይ ቀላል ነው። መሬት ላይ ግን የአንድ ገበሬ ማሳ ማለት ነው፤ ምናልባትም ከሁሉ የተሻለው፣ እርጥበት የሚይዘው ማሳ። 190 አባወራ ንጹሕ ውሃ እንዲጠጣ አንድ አባወራ እርሻውን ይነጠቃል። ያ ሰው በስብሰባ ላይ ዝም ይላል፣ አጨብጭቦም ይወጣል፤ በሦስተኛው ወር የአጥሩ ችካል በሌሊት ይነቀላል። እንዲህ የሆነበትን መንደር አውቃለሁ። የውሃ ኮሚቴው ሰውየውን ከሰሰ፤ ጠቡ ለሁለት ዓመት ቆየ፤ በዚያ መሃል ምንጩን ማንም አልጠገነውም። ገበሬው ግን ክፉ ሰው አልነበረም። ስለ መሬቱ ማንም አልጠየቀውም።

የተሳካላቸው መንደሮች በሽማግሌ ነው የጨረሱት። አንዳንዱ ከወል መሬት ለውጥ ሰጥቷል። አንዳንዱ ደግሞ በአጥሩ ውስጥ ያለውን ሣር የማጨድ መብት ለባለማሳው ብቻ ትቶለታል፤ ከብት ሳይገባ፣ እያጨደ ተሸክሞ ይወስዳል። በድርቅ ወራት የዚያ ሣር ዋጋ ቀላል አይደለም። የሣሩ ባለቤት ስለሆነ አጥሩን የሚጠብቀውም እሱ ራሱ ይሆናል። ከ18 ሺህ ዶላሩ ውስጥ ለዚህ ስምምነት የሚሆን ነገር ብታስቀሩ፣ ለምሳሌ በአጥሩ ውስጥ ለሚተከል የከብት መኖ ዘር፣ ከማሽኑ የበለጠ ሕፃናትን የሚጠብቀው ይህ ነው። መጸዳጃ ቤቶችም ከምንጩ ቢያንስ 30 ሜትር የራቁ፣ በግርጌ በኩል ያሉ ይሁኑ፤ በራስጌ ያለ ካለ ጉድጓዱ ይዘጋና ሌላ ይቆፈር።

ሁለተኛው የሰው ጉዳይ ጠባቂው ነው። መስኖ ባለበት አገር «የውሃ አባት» የሚባል አለ፤ ተራ የሚያዝ፣ ቦይ የሚያስጠርግ፣ ያጠፋውን የሚቀጣ፣ በጉልበትም በእህልም የሚካስ። ለመስኖ ውሃ አባት ያለው ሕዝብ ለመጠጥ ውሃው ጠባቂ ሲጠየቅ «በነጻ ይጠብቅ» ማለቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። በነጻ የሚጠብቅ ሰው የመጀመሪያው አዝመራ ሲደርስ ይጠፋል፤ ሊወቀስም አይገባም። 190 አባወራ በወር 15 ብር ቢያዋጣ 2,850 ብር ይሆናል፤ በዓመት 34,200 ብር። ይህ ለጠባቂው የወር አበልና ለአነስተኛ ጥገና መነሻ ነው፤ የዛሬውን ዋጋ አይታችሁ መጠኑን ከፍ ማድረግ የሕዝቡ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ይህን ወርሃዊ መዋጮ እናንተ ከአሜሪካ አትክፈሉላቸው። ፍቅራችሁ ይገባኛል፤ 15 ብር ለእናንተ ምንም አይደለም። ነገር ግን እናንተ መክፈል በጀመራችሁበት ቀን ምንጩ «የአሜሪካኖቹ» ይሆናል። ቧንቧ ሲሰበር ወደ እናንተ ይደወላል እንጂ ዶማ የሚያነሳ አይኖርም። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በአማራ ክልል የተካሄደው የገጠር ውሃ ፕሮግራም የተማረው ይህንኑ ነው። በኋላ ላይ ገንዘቡ በአበዳሪና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ እንዲሰጥ ተደረገ። ግንበኛ የሚቀጥረው፣ ሲሚንቶ የሚገዛው ኮሚቴው ሆነ፤ ሕዝቡም ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ እንዲቆጥብ ተጠየቀ። ዘዴው ስለሠራ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፍቷል። ገዝቶና ገንብቶ የተረከበ ሰው የእያንዳንዱን ቫልቭ ዋጋ ያውቃል።

ስለዚህ የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ አሁንም አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ በምረቃው ቀን የነበረ፣ ከዚያ በኋላ ያልተሰበሰበ ሆኖ ይገኛል። እንደገና ከተመረጠ ገንዘብ ያዥዋ ሴት ብትሆን እመክራለሁ። ለይስሙላ አይደለም፤ ቦኖው ሲደርቅ እንስራ ተሸክማ ሩቅ የምትሄደው እሷ ስለሆነች ገንዘቡ ሲጎድል ዝም አትልም። ሒሳቡ በየወሩ በዕድር ስብሰባ ላይ ይነበብ። ዕድር ላይ የተነበበ ሒሳብ ለመሸሸግ ያስቸግራል።

አሁን ስለ ክሎሪኑና ስለ እናትዎ። ሰዉ ወንዝ መውረዱ ካላዋቂነት የመጣ አይመስለኝም። ኩልል ያለ ምንጭ ሲጠጣ የኖረ ሰው አንድ ቀን የበረኪና ሽታ ያለው ውሃ ሲቀርብለት፣ ማንም ሳያስረዳው፣ ተመረዝኩ ቢል እውነት አለው። እንደምገምተው ከሁለቱ አንዱ ሆኗል። ወይ መጠኑ ሳይሰላ በእፍኝ ተጨምሯል፤ ወይ ደግሞ ውሃው ደፍርሶ ሳለ ተጨምሮ ክሎሪኑ ከቆሻሻው ጋር ሲዋሃድ ኃይለኛ ሽታ ፈጥሯል። ሰው ወንዝ ከወረደ ክሎሪኑ ከጥቅሙ ጉዳቱ በዝቷል።

በትክክል ሲሠራ ሒሳቡ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ልስጥዎ። 190ው አባወራ እያንዳንዱ በአማካይ አምስት ሰው አለው፣ አንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ይጠቀማል ብንል፣ በቀን 19,000 ሊትር ነው። ለአንድ ሊትር አንድ ሚሊግራም ክሎሪን ብንመድብ በቀን 19 ግራም ይሆናል። ገበያ ላይ ኤችቲኤች የሚባለው ዱቄት 65 በመቶ ያህሉ ክሎሪን ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው በቀን 29 ግራም ገደማ ነው። ዓመቱን ሙሉ 11 ኪሎ አይሞላም። ይህ ሲሰላ ሁልጊዜ ሰውን ያስደንቃል። በየሰዓቱ እየተንጠባጠበ ሪዘርቫየሩ ውስጥ እንዲገባ የሚያደርግ ቀላል ዕቃ ይገጠማል፤ አንድ ጊዜ በእፍኝ ከመጨመር ይሻላል፣ መጠኑ አይዋዥቅም። የሚፈለገው ውሃው ከክሎሪኑ ጋር ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ 0.5 ሚሊግራም በሊትር፣ ቦኖው ላይ ደግሞ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር ነጻ ክሎሪን፣ ማለትም ከቆሻሻ ጋር ያልተዋሃደና ገና ባክቴሪያ መግደል የሚችል ክሎሪን፣ እንዲቀር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ያስቀመጠው ጣሪያ 5 ሚሊግራም በሊትር ስለሆነ፣ 0.5 የዚያ አንድ አሥረኛ ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ ለዚሁ የተሠራችውን የመለኪያ ኪኒን የውሃ ናሙና ውስጥ ጨምሮ የሚወጣውን ሮዝ ቀለም ከሰሌዳ ጋር ማስተያየት። አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ወጣት በአንድ ከሰዓት ይማረዋል።

በመጀመሪያው ወር ከ0.5 ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ቦኖው ላይ ግን ከ0.2 አይውረድ፤ ምላስ ሲለምድ ከፍ ይበል። ከመጀመሩ በፊት ቄሱ፣ የዕድሩ ዳኛና ቀጅ ሴቶቹ ተጠርተው ከሁለት ብርጭቆ ይቅመሱ፤ ምን እንደተጨመረ፣ ለምን እንደተጨመረ ይነገራቸው። የክሎሪን ዱቄት አያያዝ ላይ ግን ቀልድ የለም፦ በደረቅ ቦታ፣ ከዘይትና ከነዳጅ ርቆ፣ ተቆልፎ፣ ሕፃን የማይደርስበት ይቀመጥ። ሲበጠበጥ ዱቄቱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ዱቄቱ አይጨመርም። ልብስ ማጠቢያ ሽታ የተቀላቀለበት በረኪና ለመጠጥ ውሃ ፈጽሞ አይሆንም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ክሎሪን በድፍርስ ውሃ ላይ አቅም የለውም። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለውን ጥገኛ ተውሳክ ደግሞ በዚህ መጠን ጨርሶ አይገድለውም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ መጀመሪያ ቦዩ፣ አጥሩና ድፋኑ፣ ከዚያ ክሎሪኑ።

ማሽኑን ለምን እንደማልመክር አሁን ግልጽ ሆኖ ይሆናል። ትልቁ ማጣሪያ መብራትና መለዋወጫ ይፈልጋል፤ የሐምሌ ድፍርስ ይደፍነዋል። ባይደፍነውም ያጠራው ውሃ ጥበቃ የሚሆነው ክሎሪን ስለሌለው ቆሻሻ ጀሪካን ውስጥ ሲገባ ተመልሶ ይበከላል። ጥልቁ ጉድጓድ ደግሞ ቁፋሮው፣ ፓምፑ፣ መስመሩ ሲደማመር ከያዛችሁት ገንዘብ ያልፋል። በራሱ ቁልቁለት የሚወርድ፣ ነዳጅ የማይጠይቅ ምንጭ እያላችሁ ፓምፕ ላይ ጥገኛ መሆን ለእኔ ኪሳራ ነው። ይህን የሚያነቡ ከስምጥ ሸለቆ የመጡ ሰዎች ካሉ፣ እዚያ ጥልቅ ጉድጓድ ሌላም አደጋ አለው፦ ፍሎራይድ። የእሳተ ገሞራ ድንጋዩ ወደ ውሃው ይለቀዋል፤ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ሲያልፍ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ በጣም ሲበዛ አጥንት ያጎብጣል። ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ያከማቸዋል። እዚያ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይመረመር ለሕዝብ መክፈት ትልቅ በደል ነው።

ሳልሸሽግ የምነግርዎ ነገርም አለ። ውሃው ቢስተካከልም ተቅማጡ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 እና 2019 ውጤታቸው የወጣ ትላልቅ ጥናቶች በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ ክሎሪን፣ መጸዳጃ ቤትና እጅ መታጠብን አንድ ላይ ሞክረው ነበር። በባንግላዴሽ ተቅማጥ ቀነሰ፤ በኬንያና በዚምባብዌ ግን አልቀነሰም። ብዙዎቻችንን አስደንግጦን ነበር። አንዱ ማብራሪያ ሕፃኑ የሚድህበት መሬት ነው፦ ዶሮና ፍየል በሚያድሩበት ቤት ወለል ላይ የሚድህ ልጅ በሽታውን የሚያገኘው ከጣሳው ብቻ አይደለም። ዶሮዎቹ ማታ ማታ በሌላ ቦታ እንዲያድሩ ማድረግ፣ ለሕፃኑ የሚታጠብ ምንጣፍ መመደብ፣ የሕፃን ሰገራ «ምንም የለውም» ተብሎ ከቤት ጀርባ እንዳይጣል ማስተማር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሥራ ነው። ከእሷ ጋር ሳትነጋገሩ ምንም አትጀምሩ። የሕፃናት ተቅማጥ የሚያመጣውን ሮታ ቫይረስ የሚከላከለው የሮታ ክትባት በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ይሰጣል፤ በስድስተኛውና በአሥረኛው ሳምንት ያልወሰዱ ሕፃናት ስንት እንደሆኑ ከመዝገቧ ታውቀዋለች።

የውሃው ብዛትም አይረሳ። አማራ ክልል ትራኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ በብዛት ከሚገኝባቸው የዓለም ቦታዎች አንዱ ነው፤ ለትራኮማ የሚጠቅመው ፊት የሚታጠቡበት ውሃ ነው፣ ክሎሪን ኖረው አልኖረው። ጥራት እናሻሽላለን ብላችሁ ሰው የሚቀዳውን ውሃ እንዳትቀንሱ።

ይህ ሁሉ እስኪሠራ ክረምቱ አይጠብቅም። ሕፃን ሲያስቀምጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ መስጠት፣ ከጤና ኬላው የሚሰጠውን ዚንክ ተቅማጡ ቢቆምም ቀኑን ሳያቋርጡ መጨረስ፣ ጡት አለማቋረጥ። ደም ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ዕለቱን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። አዋቂ ሰው የሩዝ ውሃ የመሰለ ካስቀመጠው አተት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ለጤና ባለሙያዋ ይነገር። ሕፃን የሚጠጣው ውሃ ይፍላ፤ በናንተ ደጋ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ፤ በዚያው ዕቃ ተከድኖ ይቀዝቅዝ።

ገንዘቡን እኔ ብሆን እንዲህ እመድበው ነበር፦ ከሲሶው በማይበልጠው የምንጩ ድፋን፣ ቦዩ፣ አጥሩና የተበሳው መስመር ይጠገን፤ ትንሽ ክፍሉ ለምርመራ፣ ለክሎሪን ማንጠባጠቢያና መለኪያ፣ ለባለማሳው ስምምነት ይዋል። የቀረው፣ ትልቁ ክፍል፣ በውሃ ኮሚቴው ስም ባንክ ይቀመጥ፤ ሕዝቡ በየዓመቱ ከመዋጮው በቆጠበው ልክ ብቻ እየተለቀቀ ለትላልቅ ጥገና ይውላል። እነሱ ካልቆጠቡ የእናንተም አይለቀቅ።

በዚህ ሳምንት እናትዎ ጋ ሲደውሉ ሦስት ነገር ይጠይቁልኝ። ከኃይለኛ ዝናብ ማግስት ውሃው ምን ይመስላል? ከምንጩ ራስጌ ያለውን ማሳ የሚያርሰው ማን ነው? የመጠጥ ውሃቸውንስ በምን ይቀዳሉ? መልሳቸውን ከአምስቱ የሚያዝያ ናሙናዎች ውጤት ጋር ቢልኩልኝ፣ ለጥገናው ምን ያህል ሲሚንቶና ቧንቧ እንደሚያስፈልግ አብረን ቁጭ ብለን እናሰላዋለን።